ጥቂት መስመር ለብዙ ተናጋሪ፦ የድንገተኛ አደጋ ራዲዮ እንዴት ይታቀዳል?



በጀሞ ከሚገኙ አጥቢያዎችና በአካባቢው ከተሰማሩ የፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ደርሶናል። ጥያቄውም፣ «እሳት ወይም ጎርፍ ሲደርስ ስልክ ይጨናነቃል፤ ታዲያ ገንዘብ አዋጥተን ሃያ የእጅ ራዲዮ ገዝተን ለአደጋ ሠራተኞች ብንሰጥ አይሻልምን?» የሚል ነው። አሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ራዲዮ መግዛት የዚህ ሥራ መደምደሚያ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ዕቅድ የሌለው ራዲዮ ጉድጓዱ ሳይቆፈር እንደ ተገዛ የውሃ ፓምፕ ነው፤ ዕቃው አለ፣ ውሃው ግን የለም።

ስለዚህ አንድ የሕዝብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ለእሳት አደጋ፣ ለአምቡላንስና ለነፍስ አድን ሠራተኞቹ የጋራ የራዲዮ መገናኛ ለመዘርጋት ሲነሣ ምን ምን ማሰብ እንዳለበት ከዚህ ቀጥሎ በተራ እናስረዳለን። በስሌቱ ውስጥ የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ለምሳሌ የተመረጡ እንጂ የማንም መሥሪያ ቤት ዕቅድ አይደሉም። ቦታው ግን ሁላችንም የምናውቀው ጀሞ ነው።

ጀሞን ለምሳሌ የወሰድንበት ምክንያት

ጀሞ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ላይ ይገኛል። ጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ተብለው የሚጠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦችን በብሎክ በብሎክ አጠጋግተው ይዘዋል። ከጀሞ ጥቂት አለፍ ሲባል የከተማው ወሰን ያበቃና በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ ይጀምራል። ክረምት ሲበረታ ከሰሜን ከፍታዎች የሚወርደው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ደቡብ ይጎርፋል፤ ጎርፍ ደግሞ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም።

ታላቅ አደጋ ሲደርስ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን አይበቃም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከጀሞ ብዙም በማይርቀው በረጲ፣ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ፍለጋውም ለቀናት ቆይቷል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አውድሟል። በእንዲህ ያለ ቀን እሳት አጥፊው፣ የአምቡላንስ ሠራተኛው፣ ፖሊሱ፣ የቁፋሮ መኪና ነጂውና የሆስፒታሉ ተረኛ በአንድነት መሥራት አለባቸው። ለዚህም መነጋገር አለባቸው።

«ሁሉም ሰው ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዟል» የሚል ይኖራል። ስልክ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ሦስት ድክመት አለበት። አንደኛ፣ አደጋ በደረሰበት ሰፈር ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚደውል መስመሩ ይጨናነቃል። ሁለተኛ፣ በተለመደው የስልክ ጥሪ አንዱ ለአንዱ ይደውላል እንጂ አዛዡ ለአርባ ሰው በአንድ ትንፋሽ ትእዛዝ ማስተላለፍ አይችልም። ሦስተኛ፣ መስመሩ በመሥሪያ ቤቱ እጅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ መገናኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝም ይላል።

ትራንኪንግ ማለት ምን ማለት ነው?

በዕድሜ የገፉ አንባብያን ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ይተላለፍ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ያስታውሳሉ። በዚያ ዓይነት ራዲዮ አንዱ ይናገራል፣ ብዙው ያዳምጣል። አሁን የምንናገርለት ግን ሁሉም የሚናገርበትና ሁሉም የሚያዳምጥበት ራዲዮ ነው። ሠራተኛው ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ድምፁ በከፍታ ላይ ወደ ተተከለው ጣቢያ ይሄዳል፤ ጣቢያውም በሌላ ሞገድ አጉልቶ መልሶ ያሠራጨዋል። ይህን ጣቢያ ባለሙያዎች ሪፒተር ይሉታል።

በቀድሞው አሠራር ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መስመር ይሰጠዋል። የእሳት አደጋው መስመር በተናጋሪ ተይዞ ሰዎች ተራ ሲጠብቁ፣ የጥገናው ክፍል መስመር ባዶውን ይቀመጣል። ትራንኪንግ የተባለው አሠራር ይህን ብክነት ለማስቀረት የመጣ ነው።

በማለዳ በጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው ሕዝብ በአራት ሰልፍ ተከፍሎ እያንዳንዱ ሰልፍ «የእኔ» የሚለውን አንድ ታክሲ ብቻ እንዲጠብቅ ቢደረግ፣ የአንዱ ታክሲ ጎማ የፈነዳ ቀን ያ ሰልፍ ቆሞ ይቀራል፤ በአጠገቡ ግን የሌላው ሰልፍ ታክሲ ባዶውን ይቆማል። ሰልፉ አንድ ሆኖ የመጣው ታክሲ ሁሉ ከፊት ያለውን ቢጭን ግን ሁሉም ቶሎ ይሄዳል። በትራንኪንግ የተራ አስከባሪውን ሥራ የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው። ከመስመሮቹ አንዱ ለጥሪ መቀበያ ብቻ ይመደባል፤ ይህም የመቆጣጠሪያ መስመር ይባላል። ራዲዮዎቹ ንግግር በሌላቸው ጊዜ ይህን መስመር ያዳምጣሉ። አንዱ ቁልፉን ሲጫን ኮምፒዩተሩ ባዶ መስመር ፈልጎ የዚያን ሰው ቡድን በሙሉ ወዲያው ወደዚያ ያዛውራል። ንግግሩ ሲያበቃ መስመሩ ለሌላ ይለቀቃል።

የዚህ አሠራር መሠረት ከስልክ ቤት የመጣ ነው። በኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የዴንማርክ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 እና በ1917 ባወጣቸው ጽሑፎች ለብዙ ደዋዮች ስንት መስመር እንደሚበቃ የሚያስታውቅ ስሌት አስተማረ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ኤም.ፒ.ቲ. 1327 የተባለው የትራንኪንግ ደንብ ወጣ። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ1995 ቴትራ፣ በ2005 ደግሞ ዲ.ኤም.አር. የተባሉ ዲጂታል ደንቦች ተከተሉ። ቴትራ አብዛኛውን ጊዜ ከ380 ሜጋ ኸርዝ በላይ ባለው ሞገድ ይሠራል። ኤም.ፒ.ቲ. 1327 እና ዲ.ኤም.አር. ግን በቪ.ኤች.ኤፍ. ውስጥ ለተንቀሳቃሽ ራዲዮ በተለመደው፣ ማለትም ከ136 እስከ 174 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ሊሠሩ ይችላሉ።

ስንት መስመር ይበቃል?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ራዲዮ እንግዛ?» የሚል አይደለም። «ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሰዎቹ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰከንድ ይናገራሉ?» የሚል ነው።

መሥሪያ ቤቱ አራት ክፍሎች፣ በየክፍሉም በየፊናቸው የተሰማሩ ብዙ ትናንሽ ቡድኖች አሉት እንበል። ራዲዮዎቹ በድምሩ 120 ናቸው። እያንዳንዱ ራዲዮ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት 3 ጊዜ፣ በየጊዜውም ለ20 ሰከንድ ቢናገር፣ 120 በ3 በ20 ሲባዛ 7,200 ሰከንድ ይሆናል። አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ስለሆነ፣ ይህ የሁለት ሙሉ መስመሮች ሥራ ነው። ባለሙያዎች «ሁለት ኤርላንግ» ይሉታል።

እንግዲህ ሁለት መስመር ይበቃልን? አይበቃም። ሰዎች በተራ ሳይሆን ባሻቸው ሰዓት ስለሚናገሩ መስመሮቹ አንድ ጊዜ ይጨናነቃሉ፣ ሌላ ጊዜ ባዶ ይሆናሉ። በኤርላንግ ስሌት ሲታይ ውጤቱ እንደሚከተለው ነው።

ለአራቱ ክፍሎች አራት የተለያዩ መስመሮች ቢሰጡ፣ ከሚናገሩት ሰዎች ግማሾቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ አማካዩም የመጠበቂያ ጊዜ 20 ሰከንድ ያህል ነው።

አራቱ መስመሮች በትራንኪንግ ቢደባለቁና አንዱ ለመቆጣጠሪያ ቢውል፣ ለንግግር ሦስት ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ ከ100 ሰው 44 ያህሉ ይጠብቃል፤ አማካዩ ግን ወደ 9 ሰከንድ ይወርዳል።

አንድ መስመር ብቻ ቢጨመርና ለንግግር አራት ቢሆኑ፣ የሚጠብቀው ከ100 ሰው 17 ያህል ሲሆን አማካዩም ከ2 ሰከንድ በታች ይሆናል።

በ20 ሰከንድና በ2 ሰከንድ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ጣራው ሊደረመስ ሲል «ውጡ!» ለማለት ቁልፉን ለሚጫነው አዛዥ ግን ትንሽ አይደለም።

ከዚህም በላይ ዕቅድ ለሰላም ቀን ብቻ አይወጣም። በአደጋ ቀን ንግግሩ እጥፍ ሆኖ አራት ኤርላንግ ቢደርስ፣ አራቱ የንግግር መስመሮች ጨርሶ አይችሉትም፤ ሰልፉ እየረዘመ ይሄዳል። ስድስት የንግግር መስመር ካለ ግን አማካዩ የመጠበቂያ ጊዜ ወደ 3 ሰከንድ ይመለሳል። ከመቆጣጠሪያው ጋር ሰባት መሆኑ ነው። በኤም.ፒ.ቲ. 1327 ለዚህ ሰባት ሪፒተር ያስፈልጋል። በዲ.ኤም.አር. ግን አንዱ ሪፒተር ጊዜን ለሁለት ከፍሎ ሁለት መስመር ስለሚሰጥ አራት ይበቃሉ፤ አንድ መስመርም ይተርፋል።

ተራራውና ኮንክሪቱ

የቪ.ኤች.ኤፍ. ሞገድ እንደ ዓይን ነው ማለት ይቻላል፤ በአብዛኛው የሚደርሰው ቀጥታ እስከሚታይበት ድረስ ነው። አንቴናው በ30 ሜትር ማማ ላይ ቢሰቀልና ሰውየው ራዲዮውን በ1.5 ሜትር ከፍታ ቢይዝ፣ በሜዳ ላይ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ከታችኛው መሬት 800 ሜትር ከፍ ካለ ተራራ ላይ ሲሆን ደግሞ ስሌቱ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳያል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ አዲስ አበባ በዚህ በኩል የታደለች ከተማ ናት።

ስለዚህ ችግሩ ርቀት ብቻ አይደለም። ጀሞ ከእንጦጦ ስትታይ በከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ናት። ከሰሜን የሚመጣው ሞገድ የመሐል ከተማውን ፎቆች አልፎ፣ በመጨረሻም የጋራ መኖሪያ ቤቱን የኮንክሪት ግድግዳ ጥሶ መግባት አለበት። በብሎኮች መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ፣ በምድር ቤትና በወንዝ ዳር ጥላ ይፈጠራል። በዚህ ምክንያት ዕቅድ አውጪዎች ለከተማው ደቡብ ምዕራብ ከፉሪ ተራራ በኩል የሚያበራ ሁለተኛ ጣቢያ ያስፈልግ እንደሆነ ማጥናት ይኖርባቸዋል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጣቢያው በ50 ዋት ሲናገር የእጅ ራዲዮው ግን የሚመልሰው በ5 ዋት ነው። ስለዚህ ሠራተኛው አዛዡን እየሰማ አዛዡ ግን ሠራተኛውን ላይሰማው ይችላል። በ150 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ስለሆነ፣ በመኪና ላይ የሚተከለው አንቴና ግማሽ ሜትር ያህል ይሆናል። የእጅ ራዲዮ አንቴና ከዚህ በጣም ስለሚያጥር ከጉልበቱ ከፊሉን ያባክናል፤ በወገብ ላይ ሲታሰር ደግሞ የባሰ ነው። እንግዲህ ዕቅዱ መመዘን ያለበት በደካማው ወገን፣ ይኸውም በሠራተኛው እጅ ባለው ራዲዮ ነው።

ይህ በካርታ ብቻ አይታወቅም። ጊዜያዊ ጣቢያ ተተክሎ፣ ሁለት ሰዎች ራዲዮ ይዘው በየብሎኩ ደረጃ፣ በየገበያው፣ በየጤና ጣቢያውና በየወንዙ ዳር እየቆሙ መነጋገር አለባቸው። ተቆጣጣሪው ለእያንዳንዱ ቦታ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። መሥሪያ ቤቱም ከ100 ቦታ በስንቱ መሰማት እንዳለበት አስቀድሞ ይወስናል፤ ለምሳሌ በ95። ይህ ቁጥር በግዥ ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ሻጩ «ይሠራል» ብሎ ሲሄድ የሚጠየቅበት ነገር አይኖርም።

ሞገዱን ማን ይሰጣል?

ሞገድ እንደ መሬትና እንደ ውሃ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ማንም እንደ ፈቀደ አይዝበትም። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሞገድ የመፍቀድና የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት። ፈቃድ ሳይያዝ የተገዛ ራዲዮ ባለቤቱን በሕግ ያስጠይቃል፤ የአውሮፕላን ወይም የሌላ የአደጋ መሥሪያ ቤት መገናኛንም ሊያውክ ይችላል።

እያንዳንዱ ሪፒተር አንዱን ለመስማት፣ ሌላውን ለመናገር ጥንድ ሞገድ ይፈልጋል። የሞገዶቹም ምርጫ ጥንቃቄ ይሻል። ለምሳሌ በአንድ ማማ ላይ በ155.0 እና በ155.5 ሜጋ ኸርዝ የሚናገሩ ሁለት ማሠራጫዎች ቢኖሩ፣ ተደባልቀው በ154.5 እና በ156.0 ላይ ያልተፈለገ ድምፅ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ከነዚህ በአንዱ ላይ የሚያዳምጥ ጣቢያ በአጠገቡ ካለ ይደነቁራል። ስለዚህ የሞገዱ ሠንጠረዥ በባለሙያ ሳይመረመር ዕቃ አይታዘዝም።

መብራት ሲጠፋ፣ መብረቅ ሲወርድ

አደጋና የመብራት መጥፋት ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። አንድ ጣቢያ በአማካይ 300 ዋት ቢፈጅ በ24 ሰዓት 7,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ በ12 ቮልት 600 አምፔር ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ቢደረግ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ለአንድ ቀን ብቻ 1,200 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያስፈልጋል። ጄኔሬተር ቢኖርም ነዳጁን በጭቃ መንገድ ወደ ተራራው የሚያወጣ ሰው መመደብ አለበት። ማማው በተራራ ላይ ስለሚቆም የመብረቅ መከላከያና መልካም የመሬት መስመር የግድ ነው። በበጀት ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚቀነሱት እነዚህ ናቸው፤ በመጀመሪያው ክረምት ጣቢያውን ጸጥ የሚያደርገውም የእነርሱ አለመኖር ነው።

ማን ከማን ጋር ይነጋገራል?

ኮምፒዩተሩ ሰዎችን በቡድን እንጂ በሞገድ አያውቃቸውም። ስለዚህ የቡድኖቹን ዝርዝር የሚያወጣው መሐንዲሱ ሳይሆን ሥራውን የሚያውቁት ኃላፊዎች ናቸው። ለየእሳት አደጋ ጣቢያው፣ ለአምቡላንሱ፣ ለጎርፍ ነፍስ አድኑ የየራሳቸው ቡድን ይሰጣቸዋል። ከዚያም ሁሉም በአንድነት የሚገናኙበት የጋራ ቡድን ይዘጋጃል። ለጀሞ ይህ የጋራ ቡድን በሸገር ከተማ በኩል ያሉትን ሠራተኞች ካልጨመረ፣ ወንዙን ተሻግሮ የሚጮኸውን ሰው ማንም አይሰማውም። ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲሠራ ሕዝቡ በቅጥሩ ላይ ተራርቆ ስለ ነበር፣ ነህምያ መለከት ነፊውን ከአጠገቡ አቁሞ ድምፁ ሲሰማ ወዴት እንደሚሰበሰቡ አስቀድሞ ነገራቸው። መለከቱ የጠቀመው ትርጉሙ አስቀድሞ ስለ ታወቀ ነው።

የቅድሚያ ደረጃም ይወሰናል። የጭንቅ ቁልፍ የተጫነ ሠራተኛ ከሰልፉ ሁሉ ፊት ይቀደማል። ለተራ ንግግር የጊዜ ገደብ ይደረጋል። ሠራተኞችም አጭር መናገርን ይለማመዳሉ፤ ከላይ ባየነው ስሌት የንግግሩ ርዝመት ከ20 ወደ 10 ሰከንድ ቢወርድ የመስመሮቹ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል። ይህም ያለ አንዳች ግዥ የሚገኝ ትርፍ ነው።

ጣቢያው ቢወድቅስ?

በትራንኪንግ የሚሠራ ራዲዮ ጣቢያውን ካላገኘ ከአጠገቡ ካለው ጓደኛው ጋር እንኳ በዚያ መንገድ መነጋገር አይችልም። ስለዚህ ከራዲዮ ወደ ራዲዮ በቀጥታ የሚያገናኝ መስመር በእያንዳንዱ ራዲዮ ላይ መኖር አለበት፤ ሠራተኛውም በጨለማና በጓንት ሆኖ ወደዚያ ማዞርን መልመድ አለበት። ምድር ቤት የሚገቡ እሳት አጥፊዎች ከመግባታቸው በፊት ይህን ያደርጋሉ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በኒውዮርክ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ግን በሰሜኑ ሕንፃ ውስጥ ከነበሩት አንዳንዶቹ የመውጫውን ትእዛዝ በራዲዮ እንዳልሰሙ ገልጿል። ያቺ ከተማ የገንዘብ ችግር አልነበረባትም። በረጅም ሕንፃ ውስጥ መደማመጥ ከገንዘብ ሌላ ጥናትንና ልምምድን ይጠይቃል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ሃያ ራዲዮ ገዝቶ መስጠትን አንመክርም። ፈቃድ፣ ሞገድ፣ ቡድንና ባትሪ የሌለው ራዲዮ ለተቀባዩ ሸክም ይሆናል። ነገር ግን ጉባኤዎችና የፕሮጀክት ሠራተኞች ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ።

በመጀመሪያ፣ በወረዳችሁ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ፤ በጀሞ ብሎኮች ውስጥ የራዲዮ ፍተሻ ተደርጎ ያውቃልን? ካልተደረገ የሚመጡትን ባለሙያዎች የሚመሩ፣ የደረጃ ቤቱንና የምድር ቤቱን ቁልፍ የሚያስከፍቱ ወጣቶችን አዘጋጁ።

ሁለተኛ፣ ራዲዮው የሚጀምረው ከሕዝቡ ጥሪ በኋላ መሆኑን አትርሱ። ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 መደወል እንደሚገባ ለየቤተ ሰቡ አስተምሩ። ደዋዩ «ጀሞ ነኝ» ብቻ ካለ መኪናው ሦስቱን ጀሞዎች ሲዞር ይውላል። ጀሞ ስንት እንደሆነ፣ የብሎኩን ቁጥር፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና በየትኛው በር እንደሚገባ መናገር ይገባዋል። አንድ ሰውም ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ።

ሦስተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ ዕቅድ አውጥቶ እርዳታ ቢጠይቃችሁ፣ ፎቶግራፍ የሚነሣለትን ዕቃ ብቻ አትምረጡ። ለመለዋወጫ ባትሪ፣ ለመብረቅ መከላከያና ለሠራተኞች ሥልጠና የሚሰጥ ገንዘብ አይታይም፤ ጣቢያውን በሕይወት የሚያኖረው ግን እርሱ ነው። ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ባትሪውን የሚለውጠው ማን ነው? በስሙ የሚጠራ ክፍልና በየዓመቱ የሚመደብ በጀት ካሳዩአችሁ፣ ያን ጊዜ ራዲዮው ይገዛ።